ልጅ ኢያሱ ሙስሊም ነበሩን?

  

በዚህ የታሪክ ዝግጅታችን ከሌላው ሁሉ በላይ የሚደጋገምብን አንድ ጥያቄ አለ። በደብዳቤ ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣም ወጣቶች መንገድ ላይ አቁመው ይጠይቁናል። «ልጅ ኢያሱ ሰልመው ነበር ወይ?» ነው ጥያቄው። ብዙዎቹ ጠያቂዎች መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ «አያቴ ነግራኛለች፤ ሙስሊም ስለሆኑ ነው ከሥልጣን የወረዱት» ይላል። ሌላው «የለም፣ ጠላቶቻቸው ስማቸውን ለማጥፋት የፈጠሩት ወሬ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። የመጀመሪያው ሰው ሙስሊም መሆንን እንደ ክብር ቆጥሮ ይናገራል። ሁለተኛው ግን ራሱ ሙስሊም ሆኖ ሳለ «ሙስሊም ነው» መባልን ስም ማጥፋት ብሎ ሲጠራው ምንም አይከብደውም። ይህ አነጋገር ከየት መጣ? ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ የመስቀል ቀን አዲስ አበባ ላይ ከተነበበ ክስ ነው የመጣው። ስለዚህ ዛሬ የልጅ ኢያሱን እምነት ስናነሳ ተከሳሹን፣ ክሱንና ከሳሾቹን ለየብቻ እናያቸዋለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከአባታቸው ቤት እንነሳ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ከመጠራታቸው በፊት ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ነበሩ። የወረሂመኖ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው ለብዙ ትውልድ በኢማምነት ማዕረግ ወሎን ያስተዳደረ ቤተሰብ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ተራው ሙስሊም ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ሆኑ። ሌላው የወሎ ባላባት አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ።

እምቢ ያሉም ነበሩ። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ትእዛዙን አንቀበልም ካሉት ዑለሞች ዋነኛው ናቸው። አገር ጥሎ የተሰደደውም ብዙ ነው። መሰደድ ያልቻለው ደግሞ ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ሌሊት በሩን ዘግቶ ይሰግድ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል ውስጥ ልቡ በኢማን ረግቶ ሳለ ተገድዶ የተናገረን ሰው ከቁጣው አውጥቶታል። የወሎ ሕዝብ ይህን አንቀጽ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በኑሮውም ያውቀዋል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በሰፊው ያጠኑት የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ (ረሒመሁላህ) የዚህን ዘመን ነገር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ትተውለታል።

ከራስ ሚካኤልና ከዐፄ ምኒልክ ልጅ ከወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ ሲወለዱ ቦሩ ሜዳ 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሕፃኑ የክርስቲያን ልጅ ነው፤ ክርስትና ተነሥቷል፣ በክርስቲያን መምህራን ተምሯል። የአባቱ ዘመዶች ግን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ወሎን የሚያውቅ አድማጭ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም አሊ፣ ሌላው ኃይሉ ሊሆን ይችላል። ሰርግና ለቅሶ ሲሆን የእስላሙ ሥጋና የክርስቲያኑ ሥጋ በየፊናው ይታረዳል፤ ቡናው ግን አንድ ላይ ይጠጣል። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ የሙስሊም አለባበስና ሰላምታ ባዕድ አይሆንበትም። በሸዋ ቤተ መንግሥት ላደጉት መኳንንት ግን ባዕድ ነበር። ኋላ የመጣው አለመግባባት አንዱ ሥሩ ይሄ ይመስለናል።

ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ ብለው አወጁ። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ፤ ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሲሞቱ ሥልጣኑን በእጃቸው ያዙ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 አረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ አልደፉም። በዚያው ዓመት ዘውድ የደፉት አባታቸው ናቸው፤ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ። አንድ ጊዜ በግድ ኢማምነቱን የተነጠቀው ቤት አሁን ከሸዋ መኳንንት በላይ ሆነ ማለት ነው። ለሸዋ ሹማምንት ይህ ከሃይማኖት ጉዳይ በፊት የሥልጣን ጉዳይ ነበር።

ስለ አስተዳደራቸው ብዙ አንዘረዝርም። ሌባ ሻይ የሚባለውን፣ ልጅ መድኃኒት እየጠጣ ሌባ ጠቁም የሚባልበትን ልማድ፣ እንዲሁም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛ ለማስቀረት መነሣታቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክሩላቸዋል። ኑሯቸው የረጋ እንዳልነበረ፣ ከዋና ከተማቸው ርቀው ወራት ሙሉ እንደሚዞሩም ይጽፋሉ። ግን የት ነበር የሚዞሩት? አፋር፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅጅጋ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ወደዚህ አገር የሚሄዱት ሊያስገብሩ ነበር። ልጅ ኢያሱ ግን ሄደው ከባላባቱ ጋር ተቀመጡ፣ ተመገቡ፣ የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ ተጋቡ። የሐረሩን ተወላጅ አብዱላሂ ሷዲቅን በኦጋዴን ላይ ሾሙ። ይህ በጊዜው ያልተለመደ ነገር ነበር።

በዚህ መካከል የአውሮፓ ጦርነት ተነሣ። የዑስማኒያ መንግሥት ከጀርመን ጎን ተሰልፎ በኅዳር 1907 ሱልጣኑ ጂሃድ አወጀ። ሐረር ላይ የቱርክ ቆንስል መዝሐር በይ ተቀምጧል። በሶማሌ ምድር ሰይድ ሙሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን እንግሊዝን ይወጋሉ። ልጅ ኢያሱም ከሁለቱም ጋር ይላላካሉ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን በቅኝ ግዛቶቻቸው ከበዋት ነበርና ይህን መታገሥ አልፈለጉም። በመስከረም 1909 መጀመሪያ ሦስቱ ሌጋሲዮኖች በአንድነት የተቃውሞ ማስታወሻ ለአዲስ አበባ አቀረቡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ወር፣ ልጅ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከአባታቸው አገር ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ መድበዋቸው ነበር። የውጭውና የውስጡ ቅሬታ በአንድ ወር ገጠመ።

አሁን የነገሩ ዋና ቦታ ላይ ደርሰናል። መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ለማውረድ ምክንያት አላጡም። የውጭ ፖለቲካውን ማንሳት ይችሉ ነበር፤ የአስተዳደሩንም ጉድለት መቁጠር ይችሉ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረባቸው፤ እሱም መሐላ ነው። ምኒልክ አልጋ ወራሹን ሲያውጁ ኢያሱን የከዳ የተረገመ ይሁን ብለው ነበር፤ መኳንንቱም በሃይማኖታቸው ምለዋል። በፈጣሪ ስም የተማለ መሐላ በአስተዳደር ጉድለት አይፈርስም። መሐላውን ሊያፈርስ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማለለት ሰው ከሃይማኖቱ ወጥቷል መባሉ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ክሱ ተነበበ፤ ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

«ሰልሟል» የሚለው ቃል ያን ቀን ምን ሥራ እንደሠራ ልብ በሉልን። ስለ አንድ ሰው ልብ የተሰጠ ምስክርነት ብቻ አልነበረም። የአንድን አገር መሐላ የሚከፍት ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ለበሩ ስለሚያስፈልግ ክሱ እውነትም ሆነ ሐሰት መቅረቡ አይቀርም ነበር። ይህን የምንለው ክሱን ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ክስ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ማስረጃው በጥንቃቄ ሊመዘን ይገባል ማለታችን ነው። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ የሚለን ወሬው ሲያስከፋን ብቻ አይደለም፤ ሲያስደስተንም ነው።

ታዲያ ማስረጃው ምን ነበር? ዝርዝሩ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሳተሙት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ውስጥ ሰፍሯል። ከሙስሊም ቤተሰቦች ሚስቶች አገቡ፤ ጥምጥም ጠመጠሙ፣ ሙስበሓ ያዙ፤ መስጊድ ገብተው ሲሰግዱ ታዩ፤ ጅጅጋ ላይ መስጊድ አሠሩ፤ ለቱርኩ ቆንስል ጨረቃና የሸሃዳ ቃል ያለበት ባንዲራ ላኩ፤ ዘራቸውንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆጠሩ የሚል ነው።

እነዚህን በኛ ሚዛን እናስቀምጣቸው። ጥምጥም ጨርቅ ነው፤ የሶማሌ ልብስ የሶማሌ ልብስ ነው። በጊዜው ልጅ ኢያሱን በጥምጥም የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እጅ በእጅ ተሰራጭተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ የቱ እውነተኛ፣ የቱ ተቀጣጥሎ የተሠራ እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ግን ሁሉም እውነተኛ ቢሆኑ እንኳ ሰው በፎቶግራፍ አይሰልምም። መስጊድ ማሠራትም እንዲሁ ነው። ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ ለደብረ ሊባኖስ ገዳምም የሰጡ ሰው ናቸው። መስጊድ ያሠራ ሙስሊም ነው የሚል ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራውን ምን ሊለው ነው? ከሳሾቹ የመጀመሪያውን ቆጥረው ሁለተኛውን ዘለሉት። ከእኛም ወገን አንዳንዱ እንደዚያው ያደርጋል።

የዘር ቆጠራውማ ከሁሉም የቀለለ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት መወለድ ኢማን ቢሆን ኖሮ፣ አጎታቸው አቡ ለሀብ በቁርኣን ውስጥ የተነገረው ባልተነገረበት ነበር።

ከበድ የሚለው የጋብቻው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ዐዋቂ ሰዎችም ይህን ነው የሚያነሡብን። በሸሪዓችን ሙስሊም ሴት ለሙስሊም ላልሆነ ወንድ አትዳርም። ክሱ ከጅማው አባ ጅፋርና ከሐረር የሙስሊም ቤተሰቦች አገቡ ይላል። እነዚያ አባቶች ሃይማኖታቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን የሰጡት ሙስሊም ናቸው ብለው አምነው አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊሆን እንደሚችልም አንክድም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያግዱናል። አንደኛ፣ የአገሩ ገዢ ልጅህን ስጠኝ ሲል እምቢ የሚል ባላባት ስንት ነው? ሁለተኛ፣ እኚሁ ሰው የራስ መንገሻ ዮሐንስን ልጅ ሮማነወርቅንና የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልንም አግብተዋል። ትግራይን በጋብቻ፣ ጎጃምን በጋብቻ፣ ጅማን በጋብቻ ማሰር የዘመኑ መሳፍንት ሁሉ ሥራ ነበር። አዲሱ ነገር ሙስሊሙ ባላባት ከዚህ የዝምድና ገመድ ውስጥ መግባቱ ነው። ደግሞም ከሳሾቹ ራሳቸው ኑሯቸው ልቅ ነው፣ ሥርዓት የላቸውም ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሶላት የሚሰግዱ፣ ሙስበሓ የማይለያቸው ዓቢድ ያደርጓቸዋል። ሁለቱ ክሶች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚስማሙ አልነገሩንም።

ከልጅ ኢያሱ አፍ ወይም እጅ የወጣና በይፋ «ሙስሊም ነኝ» የሚል የታመነ ቃል አልቀረበልንም። በሸሪዓችን ደግሞ የሰው ኢስላም የሚጸናው በመመስከሩ ነው። በሐረርና በወሎ አዛውንት ዘንድ ሰልመዋል የሚል ትረካ አለ፤ እናከብረዋለን። ፍቅር ያለበት ትረካ ነው፤ ለዘመናት ከመንግሥት ቤት ፍቅር ያልደረሰው ሕዝብ የተረከው ነው። ይሁንና የሰውን እምነት በዚህ ላይ ብቻ አንፈርድም።

የኡሳማ ቢን ዘይድን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታውቃላችሁ። በጦር ሜዳ ሸሃዳ የተናገረን ሰው ሰይፍ ፈርቶ ነው ብሎ ገደለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጅግ አዘኑበት፤ ልቡን ከፍተህ አይተህ ነበር ወይ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ገሠጹት። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ሰውን ከእስልምና ለማስወጣት በሚቸኩል ላይ ነው። የልብን ነገር ለአላህ መተው ግን ወደ ውስጥ ለማስገባት በሚቸኩልም ላይ ይሠራል።

የኛ አገር ንጉሥ መስለሙን በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ አለ፤ ንጉሥ አስሐማ፣ ነጃሺ (ረ.ዐ.) ናቸው። በእርግጠኝነት የምናውቀው ግን ሙሃጂሮችን በመቀበላቸው ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሞታቸው ተናግረው፣ መዲና ላይ ሶላተል ጋኢብ ስለሰገዱላቸው ነው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የሐበሻ ሰዎች ሃይማኖታችንን ለቀቀ ብለው ሲነሡባቸው ነጃሺ የእምነት ቃላቸውን ጽፈው ከልብሳቸው ሥር ደብቀው ወጡ። አንድ ንጉሥ ለሙስሊሞች ፍትሕ ስላደረገ ብቻ ሰልሟል ተብሎ ሲከሰስ ልጅ ኢያሱ የመጀመሪያው አልነበሩም ማለት ነው። ልዩነቱ የነጃሺን ጉዳይ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ መስክረውበታል። ለልጅ ኢያሱ እንዲህ ያለ ምስክር የለም። ስለዚህ ለጠያቂዎቻችን የምንለው ይህ ነው፤ ተጠምቀው በክርስትና አደጉ፤ ሙስሊሙን እንደ ባዕድ አላዩትም፤ በልባቸው የነበረውን አላህ ያውቃል።

«ታዲያ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ወጣት አለ። ሰልመው ካልሆነ የኛ አይደሉም ማለቱ ነው። እኛ እንዲህ አናይም። ሙስሊም ሆነው ሙስሊሙን ወደዱ ከማለት ይልቅ፣ ክርስቲያን ሆነው ሙስሊሙን የአገር ባለቤት አድርገው ቆጠሩ ማለት ለዚያ ዘመን የበለጠ ከባድ ምስክርነት ነው። የክሱ ትልቁ ጉዳት በሳቸው ብቻ አልቀረም። ክሱ ሲነበብ የኢትዮጵያ ሙስሊም አንድ ነገር ተነገረው፤ ያንተን ሃይማኖት መያዝ ቀርቶ ወዳንተ መቅረብም ዙፋን ያሳጣል ተባለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እንዲሆን በጽሑፍ ደነገገ። ሙስሊሙ በሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄውን ሲያሰማ፣ ከተሰላፊው መካከል የልጅ ኢያሱን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ።

የቀረውን ባጭሩ እንናገር። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ጦር ይዘው ወጡ። በጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ክሱ በተነበበ ልክ በወሩ፣ ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፤ በእስር ሳሉም ሞቱ። ልጅ ኢያሱ በአፋርና በትግራይ ሲሸሸጉ ከርመው በ1913 ተያዙና ፍቼ ላይ በራስ ካሣ እጅ ታሰሩ። በ1924 አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጎጃም ላይ ተይዘው ወደ ሐረር ምድር፣ ወደ ግራዋ ተወሰዱ። በኅዳር 1928፣ የጣሊያን ጦር አገሩን መውረር በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ እዚያው እስር ላይ ሞቱ። የመስቀል ዕለት ስለ ሃይማኖታቸው ክሱ ሲነበብ እሳቸው ሐረር ነበሩ፤ ቀርበው እንዲመልሱ የጠየቃቸው አልነበረም። ወላሁ አዕለም።